በዳቦ ያጸዳሁት ሦስተኛ ጥራዝ

ሱቁን የዘጋሁ ዕለት ይዤ የወጣሁት አንድ የእንጨት ወንበርና የታመመ ወገቤን ነው። መጽሐፎቹን ጠቅልሎ የገዛኝ ሰውዬ በትልቅ መኪና መጥቶ፣ ድንች እንደሚጭን ሰው አንዱንም ሳይገልጥ ጭኖ ሄደ። በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ቀልደንበት እንሸኘው ነበር። አሁን ነጋዴው እሱ ነው፤ ቀልዱ እኔ ነኝ።

ሙያው ተለውጧል። የዛሬ መጽሐፍ ገዢ ስልኩን አውጥቶ ከጀርባው ሽፋን ላይ ያሉትን መስመሮች ስካን ያደርጋል። ስልኩ «አንሳ» ካለው ያነሳል፣ «ተው» ካለው ይጥላል። መስመር የሌለው አሮጌ መጽሐፍ ለእሱ ጡብ ነው። እኔ ደግሞ ኑሮዬን የመሠረትኩት መስመር በሌላቸው ላይ ነው። ስለዚህ ደከመኝ፤ ዘጋሁ፤ አትላንታ አጠገብ ሎረንስቪል ያለው ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ሁለት ሳምንት ታገሠችኝና፣ ከመስኮት ወደ መስኮት ከምትመላለስ የምታወራውን ጻፈው አለችኝ። ማውራቴን አላስተዋልኩም ነበር።

አዲስ አበባ አስፋልት ዳር የዘረጋሁትን ላስቲክ ጨምሬ ብቆጥረው ዕድሜዬን በሙሉ መጽሐፍ ሸጫለሁ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት አንድ ብቻ ነው። እሱንም ያነበብኩት አበላሽቼው ስለነበረ ነው። የምጽፈው ስለዚያ መጽሐፍ ነው፤ ሌላው እዚያ ለመድረስ ያህል ነው።

ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ ስታዲየም አካባቢ ያለው አስፋልት ነው። እዚያ መጽሐፍ አንብቦ የሚሸጥ ሰው አልነበረም፤ የሚያነብ ሰው ይከስራል፣ ሲያነብ ዕቃው ይሰረቃል። እኛ የምናውቀው ሌላ ነገር ነበር። ገዢው መጽሐፉን ሲያነሳ አውራ ጣቱ የት እንዳረፈ እናውቃለን። የሚፈልገውን መጽሐፍ መጀመሪያ የማይነካ ሰው እንዳለ እናውቃለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማጽዳት እናውቃለን።

አሮጌ መጽሐፍ ሲገባ መጀመሪያ ይጸዳል። በእርሳስ የተጻፈበት ስም፣ የተሰመረበት መስመር፣ በጠርዙ የተጫረ ነገር ሁሉ ይነሳል። ላጲስ ውድ ነበር፤ ወረቀትም ያሻክራል። እኛ የምንሠራው በዳቦ ነው። የዳቦውን ለስላሳ ውስጥ ታወጣና በጣትህ ጨብጠህ ኳስ ታደርገዋለህ። ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ትገፋዋለህ፤ ወዲያና ወዲህ ካልክ ወረቀቱ ይሸበሸባል። ዳቦው የትናንት መሆን አለበት። የዛሬው ይጣበቃል፤ የከትናንት ወዲያው ይቧጭራል። በዚህ ሥራ እጄን የሚያክል አልነበረም። ሌሎች አዟሪዎች መጽሐፍ ይዘው እኔ ጋ ይመጡ ነበር።

የማናጸዳው አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፤ መልሱ በእርሳስ የተሞላበት የሒሳብ መጽሐፍ። እሱ ከአዲሱ በላይ ያወጣል። ስለዚህ የሰው ጽሑፍ ዋጋ እንዳለው አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ።

ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ ማድረግ ነበር። አለቃዬ የአገሬ ሰው ነው፤ «ወንድሜ» የሚለኝ ተረኛ ሲጎድልበት ብቻ ነበር። ከመስታወቷ ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰው አያለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ጀርባዋ በካርቶን የተሞላ አሮጌ ቫን ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን ካርቶኑ ተቀደደና መጽሐፉ ሁሉ መሬት ላይ ተበተነ። ወጥቼ አነሳሁለት። ሽማግሌው የማነሳውን ሳይሆን አነሳሴን ያይ ነበር። መጽሐፍን በጀርባው አናት ጎትቶ የሚያነሳ ሰው ጀርባውን ይገነጥለዋል፤ እኔ ከመሃል ጨብጬ ነው የማነሳው።

«ይህን የት ተማርክ?» አለኝ።

«መንገድ ላይ» አልኩት።

ሚስተር ዊልበር ይባላል፤ የአሮጌ መጽሐፍ ሱቅ ነበረው። በሚቀጥለው እሑድ ሱቁ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልወጣሁም። ስለ ደመወዙ የሚነገር ነገር የለም፤ ስለ ግብሩና ስለ ፈቃዱ ወረቀት የሚነገር ብዙ አለ፣ ግን ማንንም ማሰልቸት አልፈልግም።

ሽማግሌው ሦስት ልማድ ነበረው። አንደኛው፣ አሮጌ መጽሐፍ ሲመጣለት ዋጋ ከማውጣቱ በፊት የእጅ ባትሪውን ያወጣና ገጹን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ወረቀቱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ያበራበታል። ብርሃን ከጎን ሲመጣ ወረቀት ላይ ያለች ጉብታና ጉድጓድ ሁሉ ጥላ ታወጣለች። የተፋቀ ስም፣ የተነሳ ማኅተም፣ የተጠገነ ቀዳዳ ሁሉ ይታያል። ሲያበራ ሁሌ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «እዚህ ውስጥ ማን ነበረ?» መጽሐፍ ለእሱ ሰው የኖረበት ቤት ነበር።

ሁለተኛው፣ የማያውቀውን ሲጠየቅ ጮክ ብሎ «አላውቅም» ይላል፤ ከዚያ ዋጋውን ይቀንሳል። ይህን ሳይ ያመኝ ነበር። ከአስፋልት የመጣ ሰው ነኝ፤ ለእኔ «አላውቅም» ማለት ገንዘብ መሬት ላይ መጣል ነው። አንድ ቀን በአማርኛ ሳጉረመርም ሰምቶ ምን አልክ አለኝ። እኔም ጮክ ብዬ «አላውቅም» አልኩት። እስኪያስለው ሳቀ።

ሦስተኛውን በአንድ ነገር ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ወር ሙያዬን ላሳየው ብዬ አንድ በእርሳስ የተሞላ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ዳቦዬን አወጣሁ። ኳሱን ድቡልቡል አድርጌ ልጀምር ስል መጣና ከእጄ ላይ ወስዶ በላው። አኝኮ ሲጨርስ «መጽሐፍ ዳቦ አይበላም» አለኝና ሄደ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠኝም። የራበው መሰለኝ።

ሲያረጅ ቁልፉን ለእኔ ትቶ እኅቱ ዘንድ ሌላ ስቴት ሄደ። ዓመት ሳይሞላው መሞቱን ሰማሁ። ሱቁ የእኔ ሆነ፤ የእጅ ባትሪውም የእኔ ሆነ። ዳቦውም ተመለሰ።

መጽሐፉ የመጣው ከሟች ዕቃ ሽያጭ ላይ ነው። ከሸክላ ሳህኖች ሥር ሦስት ጥራዝ፣ ጥቁር አረንጓዴ የጨርቅ ሽፋን። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ አገር የታተመ ልብ ወለድ ነው፤ ያኔ አንድን ታሪክ በሦስት ጥራዝ ከፍለው ያወጡ ነበር። ርዕሱን አልጠራም፤ ርዕሱ የሌላ ሰው ሲሳይ ነው። እኔ በታሪኩ ባለቤት ስም ማርታ ነው የምለው። በመጀመሪያው ጥራዝ ውስጠኛ ሽፋን ላይ በቀለም የአንዲት ሴት ስምና «ልብስ ሰፊ» የሚል ተጽፎበታል። ከዚያ ወዲያ ሦስቱም ጥራዝ ጠርዝ ጠርዙን በእርሳስ ተሞልቷል። አንድ ገጽ ፎቶ አንስቼ ኢንተርኔት ላይ አወጣሁት። ቅዳሜ ዕለት ነበር፤ ማክሰኞ ስልክ ተደወለ።

«ሄሎ ጋሼ፣ ሂሩት እባላለሁ። ላይክ፣ ስለ ሦስቱ መጽሐፎች ነው።»

አማርኛዋ እዚሁ ያደገ አማርኛ ነው፤ ሥሩ አለ፣ ቅጠሉ የተቀላቀለ ነው። ሚድታውን ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ እንደምታስተምር፣ አሁን ለስብሰባ ሌላ ስቴት እንዳለች፣ ሐሙስ መጥታ እንደምትወስደው ነገረችኝ። በካርድ ከፈለች። የአገሬ ልጅ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስትገዛኝ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ኮራሁ። በደንብ ላስተናግዳት ብዬ፣ መጽሐፉ ውስጥ በእርሳስ ብዙ የተጫረ ነገር አለበት፣ እሱ እንዴት ይሁን ስል ጠየቅኋት።

«እርሳሱ ይቅር ጋሼ፣ ፕሊስ። እርሳሱ ይቅር።»

ሁለት ጊዜ ስላለችኝ አጥብቃ እንደጠላችው ገባኝ።

ረቡዕ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ነበር፤ የዛሬ ስለሆነ ተውኩትና ከቤት የትናንቱን አስመጣሁ። ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። እንደዚያ ቀን እጄ ታዞልኝ አያውቅም። ሦስተኛው ጥራዝ ላይ ስደርስ ጽሑፉ እየጠቆረ፣ ሴትየዋ እርሳሷን እየተጫነችው ሄዳለች፤ እኔም ተጫንኩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ በተለይ ብዙ ጊዜ መመላለስ ነበረብኝ። ስጨርስ ሦስቱም ጥራዝ ትናንት የታተመ መሰለ። በፌስታል ሳይሆን በቡናማ ወረቀት ጠቀለልኩት።

ሂሩት ሐሙስ ከሰዓት በፊት መጣች። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች ናት። ወረቀቱን ቀስ ብላ ፈታች፣ የመጀመሪያውን ጥራዝ ከፈተች፣ ገለጠች። ገለጠች። ሁለተኛውን አነሳች።

«ጋሼ፣ እርሳሱ የታለ?»

«አስቀረሁልሽ» አልኳት።

እሺ ብላ መግለጧን ቀጠለች። አስቀረሁልሽ ስላት አስቀምጬላታለሁ ማለቴ መስሏት ነው። ሦስተኛውን ጥራዝ እስከ መጨረሻው ገልጣ ስትጨርስ ቀና አለች።

«የት ነው ያስቀረኸው?»

«የትም። አጸዳሁታ። ይቅር አላልሽኝም?»

«እኮ! ይቅር ነው ያልኩህ።»

«እኔም አስቀረሁት።»

ተያየን። እውነት ለመናገር መጀመሪያ የገባኝ እኔ ነኝ። እሷ ቤት፣ እናቷ ማታ ማታ «የቀረውን ወጥ ፍሪጅ አስገቢ» ስትላት ነው ያደገችው። ለእሷ የቀረ ነገር ማለት ያለ ነገር ነው፤ ሳህኑ ላይ ቁጭ ያለ። እኔ ባደግኩበት ሠርጉ ቀረ፣ ጉዞው ቀረ፣ ሰውዬው ቀረ ሲባል የሌለ ነገር ነው። ሁለታችንም ልክ ነን። አንዱን ቃል ለሁለት ተካፍለን፣ የእሷን ድርሻ እኔ በዳቦ ገፋሁት።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የዊልበር ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ ምን እንዳደረግኩ አስረዳችኝ።

መጽሐፉ የአንዲት ልጅ አስተዳደግ ነው። ማርታ የገመድ ሠሪ ልጅ ናት፤ አባቷ ሲሞት አጎቷ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ትቀጠራለች። ንግድ ትማራለች፣ የሚያጭበረብራትን ታውቃለች፣ በሁለተኛው ጥራዝ አንድ ቄስ ሲጠይቃት አላገባም ትላለች፣ የሱቁ ግማሽ ባለቤት ትሆናለች። በሦስተኛው ጥራዝ መጨረሻ ያንኑ ቄስ ታገባና ሱቁ ይዘጋል። መጽሐፉ ሲወጣ የዘመኑ ሐያስያን ረገሙት። አንዱ የሱቅ ጠረጴዛ ሽታ አለው አለ። ሌላው፣ የገንዘብ መልስ የምትቆጥር ልጅ የታሪክ ባለቤት ልትሆን አይገባም አለ። ሁሉም የተስማሙበት ነገር ቢኖር ሠርጉ ነው፤ ልጅቷ አደብ ገዝታ መጽሐፉን ያዳነችው መጨረሻ ላይ ነው አሉ። ከዚያ ተረሳ። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡት ሐያስያን ደግሞ ገለበጡት፤ ሁለቱ ጥራዞች ድንቅ ናቸው፣ ሠርጉ ግን አሳታሚው አስገድዶ ያስገባው ነውር ነው አሉ።

ሂሩት የምትጠይቀው ሌላ ነበር። ሐያሲ ሁሉ ተናግሯል፤ በዚያ ዘመን ሱቅ የምትሠራዋ፣ ልብስ የምትሰፋዋ ሴት ራሷ ስታነበው ምን አለች? ማንም አያውቅም፤ እነዚያ ሴቶች ጋዜጣ ላይ አይጽፉም። ስድስት ዓመት ፈለገች። እኔ ያወጣሁት ፎቶ ላይ የልብስ ሰፊዋን እጅ ስታይ አለቀሰች። የምትጽፈው መጽሐፍ በዚያ ላይ ይቆማል። ዩኒቨርሲቲው ቋሚ አድርጎ ይቀበላት ወይስ ያሰናብታት የሚለው ደግሞ በምትጽፈው መጽሐፍ ላይ።

«ስድስት ዓመት ጋሼ» አለች። «አንተ በአንድ ቀን።»

ይቅርታ አድርጊልኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። ቃሉን ሳየው ያው ቃል ነው። ዋጥኩት።

ተነስታ ልትሄድ ስትል ነው የዊልበር ባትሪ ትዝ ያለኝ። እርሳስ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ይተዋል፤ ጥቁረቱንና ጉድጓዱን። ዳቦ ጥቁረቱን ይበላል። ጉድጓዱን ሁልጊዜ አይደርስበትም። መጋረጃውን ዘጋሁና ገጹን ከጎን አበራሁበት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። አንገቴን ዝቅ ሳደርግ አንድ የሐረግ ጥላ የመሰለ ነገር ታየኝ። ነይ እዪ አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበጋ እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ በየቅዳሜው ጠዋት ሱቁን ዘግተን ሠራን። እሷ ፊደሉን ታውቃለች፣ ጥላውን አታውቅም፤ እኔ ጥላውን አውቃለሁ፣ የዚያን ዘመን እጅ ጽሑፍ አላውቅም። እኔ የማነበው ቃል ሳይሆን ቦይ ነው። «ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ ከዚያ ክብ፤ ከዚያ ጭራ» እላታለሁ። እሷ ፊደሉን ትጠራለች፣ ትጽፋለች፣ አንዳንዴ ትስቃለች። አንገቴና ወገቤ የተበላሹት ያኔ ነው። ማርታ አጎቷ ደመወዟን ሲቆርጥባት ልብስ ሰፊዋ «እኔንም እንዲሁ» ብላለች። ቄሱ ስለ ትሕትና ሦስት ገጽ ሲሰብክ «ረዘመ» ብላለች። ማርታ የጨርቅ ዋጋ የምትሳሳትበት ቦታ ላይ ደግሞ ትክክለኛውን አስልታ አስቀምጣለች። ይችን ሴት ወደድኳት። ስታዲየም አካባቢ ብትኖር ጎኔ ትዘረጋ ነበር።

አንዱ ነገር ሂሩትን ያስጨንቃት ነበር። ሦስት ጥራዝ መጽሐፍ ያኔ ሀብታም የሚገዛው ነገር ነው፤ ልብስ ሰፊ ከየት አመጣችው? ያንን የመለስኩላት እኔ ነኝ። ሽፋኑ ላይ አረንጓዴው ከሌላው ጠቆር ያለበት አራት ማዕዘን ቦታ አለ፤ ለረጅም ጊዜ ወረቀት ተለጥፎበት ከፀሐይ የሸፈነው ነው። መጽሐፍ በገንዘብ የሚያከራይ ቤተ መጻሕፍት ምልክት ነው። ሰው መከራየቱን ሲተው አከራዮቹ አውጥተው በርካሽ ይጥሉታል። መጽሐፉ በሐያስያን የተረገመ ስለሆነ ቶሎ ተጥሏል፤ ቶሎ ስለተጣለ ለልብስ ሰፊዋ ደረሳት። ሂሩት ይህንንም ጻፈችው።

እኔ ደግሞ ጥላ ስከተል ታሪኩ ያዘኝ። ሂሩትን አስፈቅጄ መጽሐፉን ቤቴ ወሰድኩና፣ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ባለቤቴ ታመምክ ወይ አለችኝ። ዋጋ ስትከራከር ማርታ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አታንቀሳቅስም፤ ምክንያቱም እጅ ይናገራል። ይህን ያልነገደ ሰው አይጽፈውም። ያ ሐያሲ የሱቅ ሽታ አለው ብሎ ሰደበው፤ እኔ የወደድኩት ለዚያ ሽታ ነው። ስለ ሠርጉ ግን እስከ ዛሬ ምን እንደምል አላውቅም። ደክሟት ይሆናል። ሱቅ መዝጋት ሁሌ ሽንፈት አይደለም እላለሁ፤ በማግሥቱ ደግሞ ነው እላለሁ።

ከግማሽ በላይ አወጣን። ቀስ ብዬ ያለፍኩበት ሁሉ ተመለሰ። የተጫንኩበት አልተመለሰም። የመጨረሻውን ገጽ የመጨረሻ አደረግነው፤ ሁለታችንም ስለፈራነው ይመስለኛል።

እዚያ ገጽ ላይ ማርታ ታገባለች። ከዓረፍተ ነገሩ አጠገብ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ጥርት ብለው ወጡ። አንድ ላይ ሲነበቡ «ኖ» ይላሉ፤ አይሆንም። ከኋላቸው ግን ወረቀቱ በእኔ ጣት ሳስቶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሆኗል። እዚያ ሦስተኛ ፊደል ነበረ ወይስ አልነበረም? ነበረ ከተባለ ቃሉ «ናው» ነው፤ አሁን። በእንግሊዝኛ አይሆንምንና አሁንን የሚለያቸው ያች አንድ ፊደል ናት። «አይሆንም» ካለች፣ ልብስ ሰፊዋ ሠርጉን ከሐያስያኑ መቶ ዓመት ቀድማ ተቃውማለች፤ የሂሩት መጽሐፍ ቆመ ማለት ነው። «አሁን» ካለች፣ አሁን ገና ደስ አለኝ ማለቷ ሊሆን ይችላል፤ ከዘመኗ ሐያስያን ጋር ተስማምታለች ማለት ነው።

ባትሪውን በአራቱም በኩል አዞርኩ። ባትሪው እስኪደክም አዞርኩ። ሂሩት ብዕሯን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ከዓለም ላይ ይህን ቃል መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ። ስትፍቀው ምን ነበር የሚለው?»

ይህን ጥያቄ እንደምትጠይቀኝ ከሳምንታት በፊት አውቄ ነበር። መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሳላየው አየሁ፣ ሳላነበው ድንቅ ነው እያልኩ የሸጥኩ ሰው ነኝ፤ አንድ «ኖ» ማለት ምን ይከብደኛል? የጎዳኋትን ልጅ እክሳታለሁ። ልብስ ሰፊዋም በሌሎቹ ገጾች ላይ የምታሳየው ጠባይ እንደዚያ ነው። ማን ይከሰኛል? አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው፤ ጮክ ብሎ ወጣ።

«አላውቅም። አላነበብኩትም። እጄ ነው ያለፈበት፣ ዓይኔ አይደለም።»

«ጋሼ፣ «ኖ» ነበር ብትለኝ አምንሃለሁ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የማልልሽ።»

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። ስትሄድ ደህና ዋል አላለችኝም። ሁለት ቅዳሜ አልመጣችም። በሦስተኛው መጣች፤ የራሷን መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ቀድዳ እንደ አዲስ እየጻፈችው እንደሆነ ነገረችኝ። ቃሉን አልወሰነችም። ሁለቱንም ንባብ ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ለምን አንዱን መምረጥ እንደማትችል ጽፋለች። አሳታሚዎቿ ደግሞ፣ ጽሑፉ ምን እንደደረሰበት የሚመሰክር የተፈረመ ወረቀት ከሻጩ ካልመጣ ምዕራፉን አንቀበልም ብለዋታል። ስሜን መግለጥ ካልፈለግኩ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን አለች። ስሜ ይውጣ አልኳት።

መጽሐፏ ባለፈው ወር በፖስታ ሎረንስቪል መጣልኝ። ዩኒቨርሲቲው ቋሚ አድርጎ ወስዷታል። አንድ ሐያሲ ብቻ፣ ጸሐፊዋ ያን ቃል ለመወሰን ድፍረት አጥታለች ብሎ ጽፎባታል፤ ሂሩት ቆርጣ ከመጽሐፉ ጋር ልካልኛለች። ያ ሰውዬ ድፍረት ምን እንደሆነ አያውቅም። ከሁሉ ቀድሜ የገለጥኩት ግን መጨረሻ ላይ ያለውን የእኔን ምስክርነት ነው። አንድ ገጽ አይሞላም። በሕይወቴ በስሜ የታተመ ጽሑፍ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም እንዲህ ነበር የተጻፈው።

እኔ በአማርኛ እነግራታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። መጽሐፉን ከየት እንዳመጣሁ፣ ፎቶውን መቼ እንዳነሳሁ፣ በስልክ ምን እንደተባባልን፣ ዳቦው የትናንት እንደነበረ፣ ከመሃል ወደ ዳር እንደገፋሁ ተናገርኩ። ስጨርስ ከላይ ጀምራ አነበበችልኝና አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ «አጸዳሁ» ነው ያልከኝ። ክሊን አደረግኩ ብዬ ልጻፍ?»

አዲስ አበባ አስፋልት ላይ የተማርኩት ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል አስፈልጎኝ አያውቅም።

«ሰርዢው» አልኳት። «አጠፋሁ በይ።»

ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ሳያርፍ ቆመ። ከዚያች ስልክ ወዲህ አማርኛዋን አታምነውም።

«አጠፋሁ ማለት፣ ላይክ፣ ጽሑፉን ደመሰስኩ ነው? ወይስ በደልኩ?»

«ሁለቱም ነው።»

«እንግሊዝኛው ሁለቱንም የሚል አንድ ቃል የለውም።»

«እንግዲያው ሁለት ዓረፍተ ነገር አድርጊው።»

አደረገችው። ከሁለቱም ሥር ፈረምኩ።